አባትህ ለምን እንደ ዘለለ

ውድ ልጄ ዴዝመንድ፣

ስልክ አላነሳ ስላልከኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። አልተቆጣሁህም፤ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አላነሳም ነበር። ግን አባትህ የዘለለበትን ያንን ቪዲዮ አገር ምድሩ አይቶታል፤ አንተም አይተኸዋል። ካሜራው ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ግን ከእኔ ሌላ የሚነግርህ የለም። አባትህ እንደሆነ ሊጽፍልህ እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጥና፣ ትንሽ ቆይቶ ሣር ሊያጭድ ይወጣል። ግቢያችን ውስጥ የሚታጨድ ሣር አልቀረም።

የክሊዮፈስን ፀጉር ቤት ለአንተ አልነግርህም፣ እዚያው ነው ያደግኸው። በየዓመቱ በሰኔ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድኖቹ አዳዲስ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት ምሽት፣ ሰፈሩ ሁሉ የተጠበሰ ጎድኑንና የስኳር ድንች ኬኩን ይዞ እዚያ ይታጨቃል። ወጉንም ታውቀዋለህ። የእኛ ቡድን ተራ ሲደርስ፣ ገና ስሙ ሳይጠራ ሁሉም በአንድ ላይ “ኡኡ” ይላል። ቡድናችን ምን ጊዜም የሚመርጠው ጉልበቱ የተጎዳውን ወይም ማንም የማያውቀውን ነዋ። ክሊዮፈስ “ቀድመን ካለቀስን በኋላ አይከፋንም” ይላል። ያ ለቅሶ ወደ እልልታ የተለወጠው አንተ የተመረጥክ ዓመት ነበር። የሰፈሩ ልጅ ለገዛ ከተማው ቡድን ሲመረጥ፣ አባትህን ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወጡት።

ዓመት ሳይሞላው ደግሞ “ኳስ አከፋፋይ የለንም” ማለት ጀመሩ። ኳስ አከፋፋያቸው አንተ ሜዳው መሀል ኳስ ይዘህ ቆመህ፣ እነሱ ኳስ አከፋፋይ የለንም ይላሉ።

ስለዚህ ዘንድሮ መሄድ አልፈለግሁም። ለአባትህ ነገርኩት። “ሮስኮ፣ እነዚህ ሰዎች የልጅህን ምትክ ነው የሚጠብቁት፤ እባክህ ቤት እንቀመጥ” አልኩት። “የምን ምትክ? ዴዝመንድ እንደሆነ ዴዝመንድ ነው” ብሎ ያችን ቀለሟ የለቀቀ ኮፍያውን አጠለቀ። አንተ ሳትወለድ የገዛት ኮፍያ ናት። ብቻውን ብተወው ይሻል ነበር፤ ግን ብቻውን መተው አልሆነልኝም።

ስንደርስ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቆማ ትጠብቃለች። የተጫዋች አባት፣ በዚያ ላይ የከተማው የታወቀ ደጋፊ ነው ብለው ልከዋት፣ ካሜራዋን ፊት ለፊቱ ተከለችው። አባትህም ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

ከእኛ በፊት ተራው የደረሰው ቡድን ጃቫሪስ ቦይኪንን ይወስደዋል ብሎ ያልማለ ሰው አልነበረም። አልወሰደውም። ዓመቱን ሙሉ ስሙን ሲያነሱት የከረሙት ልጅ ለእኛ ተረፈ። ያን ጊዜ “ኡኡ” ያለ አንድ ሰው የለም፤ ወጉ ያን ዕለት ተረሳ። የሊጉ ሰውዬ ወጥቶ ስሙን ሲጠራ ጣሪያው የተነሳ መሰለኝ። አባትህም ዘለለ። ሳህኑ ተገልብጦ ጎድኑ በክሊዮፈስ መቀሶች ላይ ተበተነ፤ ክሊዮፈስን አንገቱን አንቆ “አገኘን፣ በስንት ጊዜያችን አገኘን” እያለ ጮኸ። ይኸን አይተኸዋል።

ያላየኸውን ልንገርህ። መጀመሪያ የነቃው ክሊዮፈስ ነው፣ እጁን ከአባትህ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ክሊዮፈስ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገና ጋዜጠኛዋን “እህቴ፣ ይበቃሻል፣ ዝጊው” አላት። ምን ዋጋ አለው፣ ልካዋለች። አባትህ እጆቹን እንዳነሳ ነው። “ምነው፣ ምን ሆናችሁ?” ይላል።

“ሮስኮ፣” አልኩት፣ “የመረጡት ልጅ ኳስ አከፋፋይ ነው።”

መጀመሪያ “አዎ፣ እሱማ…” ብሎ ጀመረ። ከዚያ እጁ ወረደ፤ ኮፍያውን አወለቀና ጎድኑን ከመሬት መልቀም ያዘ። ሊያግዙት ቢጎነበሱም እምቢ አላቸው። አንጀቴን በላኝ፣ ደግሞም በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተር ሳያስነሳ ተቀመጠ። “ኧርኔስቲን፣ ሰዎቹ ኳስ አከፋፋይ የለንም ሲሉ እኔም የለንም እል ነበር” አለኝ። “እሱን ቆጥሬው አላውቅም። ተጫዋቾቹ ሌላ ናቸው፣ እሱ ልጄ ነው። ቡድኑ ውስጥ መሆኑን እኮ ነው የረሳሁት።” እንደ ስድብ ልውሰደው እንደ ፍቅር አላወቅሁም። አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዬ እንዳለ ጻፍኩልህ።

እኔስ ብትለኝ፣ አልዘለልኩም። ግን ልቤ ውስጥ አንድ ነገር እፎይ አለ። በየጨዋታው እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሰዎች ስምህን እየጠሩ ሲሰድቡህ እሰማ ነበር። አንዱማ የማን እናት እንደሆንኩ ሳያውቅ ፈንድሻ ጋብዞኝ፣ ወዲያው “ይሄን ደንባራ ማን አመጣው?” አለኝ። ፈንድሻውን በላሁለት፣ ምን ላድርግ። እናም የጃቫሪስ ስም ሲጠራ፣ እንግዲህ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ይሰደብ አልኩ። ወዲያው የልጁን እናት በቴሌቪዥኑ አሳዩዋት። ቢጫ ልብሷን ለብሳ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ታለቅሳለች። እኔም ያኔ እንደዚያው ነበርኩ። የሚጠብቃትን ሊነግራት የሚችል ሰው ቢኖር እንኳ አትሰማውም። አፈርኩ፣ ዴዝመንድ። እፎይታዬ ግን አልጠፋም፤ ሁለቱን አብሬ ይዣቸው ነው የሰነበትኩት።

በማግስቱ ለዩታ ቡድን አሳልፈው እንደ ሰጡህ ከሬዲዮ ሰማን። አባትህ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር፣ አፉን ሳይጉመጠመጥ ወጣ። ክሊዮፈስ ኬክ ልኮ ነበር፣ አንዳችንም አልነካነው።

ደክሞኛል ልጄ። ቡድን መውደድም፣ ቡድን የሚወድ ሰው መውደድም ሰልችቶኛል። አባትህን ይቅር በለው አልልህም፣ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ጨዋታህን እዚያው ዩታ መጥቼ አያለሁ። የአውሮፕላኑን ቲኬት ስፈልግ አባትህ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

“እኔስ ብመጣ?” አለኝ።

“እንደ አባት ከሆነ ና። ኮፍያዋ ግን እዚሁ ትቀራለች” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ነገር ሲያብላላ እንዴት እንደሚሆን ታውቀዋለህ፣ አገጩን ያካል።

“ዴዝመንድ ከኛ ጋር ሲጋጠምስ?” አለኝ።

ዞሬ አየሁት። “ከማን ጋር፣ ሮስኮ?”

አገጩን ማከኩን ተወ። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ፣ አልጠረጋቸውም።

“ከነሱ ጋር” አለ።

ሁለት ቲኬት ቆርጫለሁ። ስልኩን ባታነሳም እንመጣለን።

የምትወድህ እናትህ፣
ኧርኔስቲን