ፀሐይ የተሳለበት ስሊፒንግ ባግ

ኅዳር 18 ቀን 2008፣ ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ። የሰባተኛ ክፍል ፈተና አረምኩ። «የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ማን ነው?» ለሚለው አንዱ «በአካል አላውቀውም» ብሎ መልሷል። ግማሽ ሰጠሁት። እኔስ በአካል አውቀዋለሁ? ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ የወጣሁት ትልቁ ዳገት ከታክሲ ተራ ወደ ቤቴ ያለው ነው።

ከሰዓት ካሣዬ ከሱሉልታ ደወለ። ኮሌጅ አብረን ነበርን፤ አሁን ቱሪስት በእግር ያዞራል። አስጎብኚ ጎድሎበታል። ታኅሣሥ 10 ይነሳሉ። አምስት ቀን በእግር፣ አራት አዳር ድንኳን ውስጥ። ከወደዱኝ ቋሚ ሥራ።

«እንግሊዝኛህ አልዛገም?»

«በየቀኑ ከራሴ ጋር እናወራለን።»

«ድንኳን አለኝ። ስሊፒንግ ባግ ግን የራስህን ይዘህ ና። ከኪሎ ተኩል እንዳይበልጥ፣ በጀርባህ ነው የምትሸከመው። ባለፈው አንዱ ጋቢ ደርቦ መጥቶ ጉድ አድርጎኛል።»

ቋሚ ሥራ። ከጠመኔ መገላገል። ከቡራዩ መውጣት... አሥር ጊዜ ጻፍኩት፣ ደስ ሲል።

አንድ ችግር ብቻ። ስሊፒንግ ባግ፣ ያ ሰው ገብቶ ዚፕ የሚዘጋበት የውጭ መኝታ፣ በቅርብ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

አብዱረዛቅ ሱቅ ገባሁ። ሰልባጅ ይሸጣል፤ የማይሸጠው ነገር የለም፣ የማያውቀውም የለም።

«መምህር! ለሠርግ ነው ለለቅሶ?»

«ለመኝታ።»

«አልጋ አልያዝንም።»

ነገርኩት። ከቦንዳው ሥር ሦስት ጎትቶ አወጣ። አንዱን ሴትዮ ለበርበሬ መያዣ ልትገዛው ነበር አለ። አረንጓዴው ወፍራም፣ ጥጃ የሚያህል። ቀዩ ላይ በረዶ ተስሏል፣ ዚፑ ግን ጥርሱ ረግፏል። ሰማያዊው ስስ፣ ሲጠቀለል ዳቦ የሚያክል፣ ላዩ ላይ ፀሐይ የተሳለበት።

«ይሄ ለበረዶ አገር፣ ይሄ ለፀሐይ አገር» አለ። «በረዶ አለ ቡራዩ?»

«የለም።»

«ፀሐይስ?»

ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን ወደ ደጅ አየን። ነበረች።

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሳይንስ ነው። አልገዛሁም ግን። ታላቅ ውሳኔ በአንድ ስብሰባ አይቋጭም።

ኅዳር 23፣ ሐሙስ

ጊዜያዊ የስሊፒንግ ባግ መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ እኔ። ጸሐፊ እኔ። የሕብረተሰቡ ተወካይ ዲሪርሳ፤ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖር፣ ሲያስል እኔ «ይማርህ» የምለው።

ሦስቱንም ከአብዱረዛቅ ተውሰን የቅቤ ነጋዴዋ ሚዛን ላይ አስጫንናቸው። ሴትዮዋ ቅቤ ይነካዋል ብላ ሳይሆን ቅቤዋን ይነካባታል ብላ ተጨንቃለች። አረንጓዴው ሦስት ኪሎ ተኩል፤ ከውድድር ወጣ። ቀዩ ኪሎ ከስምንት መቶ። ሰማያዊው ኪሎ ከሁለት መቶ! ዋጋውም የቀዩ ግማሽ።

ዲሪርሳ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ስስ ነው።»

«በጋ ነው።»

«ሌሊትም በጋ ነው?»

የሕብረተሰቡ ተወካይ ያነሱት ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ሰማያዊው በአብላጫ ድምፅ አለፈ። እንደ ሌላው ስብሰባ ሁሉ፣ ውሳኔው ከስብሰባው በፊት ነበረ።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

ገዛሁ።

አከራዬ አዴ ተረፈች በር ላይ ያዙኝ። ድሮ ይሄ ሰፈር በሙሉ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን የቀራቸው ሁለት ላም፣ ጓሮው ውስጥ አንድ የጭድ ክምርና እኛ ተከራዮቹ ነን።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«መኝታ ነው፣ አዴ። ውጭ የሚታደርበት።»

«ቤት ተከራይተህ ውጭ ልታድር?»

«ለሥራ ነው።»

«እስቲ ግባበት ልይህ።»

ግቢው መሐል ዘርግቼው ገባሁበት። ዚፑን እስከ አገጬ ሳብኩ። ዲሪርሳ መስኮቱን ከፍቶ ያያል። አዴ ተረፈች ዞር ዞር ብለው መረመሩኝና ድንገት ጮሁ።

«ጅብ መጣ! ተነስ!»

ዚፑ ጨርቁን ነክሶ ቆመ። ስፈራገጥ እሳቸው በኦሮምኛ ይቆጥራሉ። ሃያ ሰባት ላይ ወጣሁ።

«በልቶህ፣ ውሃ ጠጥቶ ሄዷል» አሉ።

ዲሪርሳ እስከ ማታ ሳቀ። በግድግዳው ይሰማኛል።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ተማሪዎቹ ዛሬ ክፍል አልገቡም። ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፣ ክንዳቸውን አጣምረው ከፍ አደረጉ። አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን አንፈልግም። ከዚያ በሩ፣ ከዚያ መንገዱ... ከዚያ ጭስ። ስምንተኛ ክፍሎችን በኋላ በር አስወጣሁ። የአንዷ ጫማ እጄ ላይ ቀረ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

አዴ ተረፈች ቤቴ ድረስ መጡ።

«አንተ የካርታ መምህር ነህ። እዚያ ፕላን ላይ የኔ ጓሮ ምን ሆኗል?»

«አላየሁትም፣ አዴ።»

«እኔ አላየሁት። አንተ አላየኸው። ላሞቹም አላዩት። ታዲያ ለማን ነው የሳሉት?»

ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

ታክሲ የለም። መንገዱ ላይ ድንጋይ፣ ድንጋዩ አጠገብ ወታደር።

ካርታ ዘርግቼ ለካሁ። ከቡራዩ ሱሉልታ አንድ ጣት ተኩል ነው። ግን ታክሲ የሚሄደው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ዞሮ፣ እንጦጦን ወጥቶ ነው። አዲስ አበባ መግባት አልተቻለም። ፕላኑ እኛን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ከከተማው ጋር ሊያስተሳስር ነው ይባል ነበር። እስካሁን ምንም አልተሳሰረም፣ አሁን ደግሞ አንዱም ከአንዱ አይደርስም። እንኳን ደስ አለን።

ስድስት ቀን ቀረኝ። ቦርሳዬን አሰርኩ። ፈታሁ። አሰርኩ። ስሊፒንግ ባጉ ዝግጁ ነው፤ የጠፋው መሄጃው ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ከማዶ ሰፈር ሁለት መምህራን ሌሊት በወታደር ከአልጋቸው ተወስደዋል። ለምን? «ተማሪ አነሳስተዋል» ነው የሚባለው። እኔ ተማሪ ማነሳሳት ብችል ኖሮ ኬክሮስና ኬንትሮስ ላይ ያንቀላፉ ነበር?

አዴ ተረፈች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ ቤት አትደር። ጭዱ ሥር ግባ» አሉኝ።

ለዲሪርሳ ነገርኩት።

«እኔ ምን አድርጌ? አልጋዬ ላይ ነው የምተኛው።»

«ብቻዬን ልታስተኛኝ? ለአንድ ቀን። ካምፒንግ ነው በለው።»

«አንተ ሰውዬ...» ብሎ ሳቀ። ጋቢውን ተከናንቦ መጣ።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

ለስሊፒንግ ባግ ገዢዎች በሙሉ!

ፀሐይ የተሳለበትን አትግዙ። ያቺ ፀሐይ የእነሱ አገር ፀሐይ ናት፤ ቀን ሞቃ ሌሊትም አትርቅም። የእኛ በጋ ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ሰማዩ ክፍት ነው፣ ያለው ሙቀት ሁሉ ወጥቶ ይሄዳል። ጠዋት ጭዱ ላይ ውርጭ ነበር። ነጭ! ስኳር መሰለኝ። ይሄን ለሰባተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ ከነሥዕሉ። አርሜበታለሁ። ሱቅ ስገባ ግን ጠፋብኝ።

ዲሪርሳ በጋቢው ውስጥ እንደ ጌታ ተኝቶ አደረ። «አካም ቡልቴ?» አለኝ። እንዴት አደርክ! ጥርሴ ስለሚንቀጫቀጭ አልመለስኩለትም።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ሁለተኛ አዳር። ማሻሻያ ተደረገ። አዴ ተረፈች አጎዛ ሰጡኝ፣ ከሥር አነጠፍኩ። ለካ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ካልሲ ሁለት። ኮፍያ። ደህና ነበር።

ግን ማንም የማይነግርህ ነገር፦ ይጮኻል። በተገላበጥክ ቁጥር ካሽ፣ ካሽ። መኪና በጓሮው አጥር በኩል ቀስ ብሎ አለፈ፣ ቆመ፣ መብራቱን ጭዱ ላይ አዞረ። ዲሪርሳ ጆሮዬ ሥር፣ «እንዳትገላበጥ» አለኝ። አልተገላበጥኩም። ጎኔ እስኪደነዝዝ። ከሄዱ በኋላም አልተገላበጥኩም።

ዲሪርሳ ጠዋት፣ «ከዛሬ ወዲያ አልጋዬ ላይ ነኝ» አለ። «አንድ ቀን ጨምርልኝ» አልኩት። ለመንኩት።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ሊነጋጋ ሲል ወታደሮች በአጥሩ ዘለው ገቡ። ዲሪርሳ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ልሮጥ ነበር። ዚፑ ጨርቁን ነከሰው። ሳብኩት። ሳብኩት። አልመጣም። ጭዱ ላዬ ላይ ተናደ።

ሁሉም ዲሪርሳን ተከትለው ሮጡ። በአጠገቤ። የአንዱ ጫማ አጎዛውን ረገጠው።

ባሕር ዛፉ ጋ ያዙት። ሰማሁ። «ምን አደረግኩ?» ሲል ሰማሁ። ደጋግሞ።

እኔ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

ዛሬ ከሱሉልታ መነሻችን ነበር። ካሣዬ ደወለ። እንግዶቹ ፈርተው ቀርተዋል፤ ጉዞው ወደ ጥር 14 ተዛውሯል። «ቦታህ ቦታህ ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። አመሰገንኩ እንኳ መሰለኝ።

በግድግዳው ማዶ የሚያስል የለም።

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ

አዴ ተረፈች አጣርተው መጡ። ዲሪርሳ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። ሲሚንቶ ላይ። ጋቢው ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የለም፣ ማን እንዳነሳው እንጃ። ምግብና ልብስ ይገባል። ግን የሚያስገባው ሰው በር ላይ ስሙን ያስመዘግባል።

«እኔ ልሂድ?» አሉኝ።

«አይ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

ሄድኩ። ምሳውን እንደያዝኩ ከበሩ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሁለት ሻይ ጠጣሁ። መዝገቡን ከሩቅ አየሁት። ሰማያዊ ልባስ ያለው ተራ ደብተር፤ እኔ የተማሪ መቅረት የምመዘግብበት ዓይነት። ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

አሁንም ሁለት ሻይ።

አዴ ተረፈች ምሳው ሳይነካ መመለሱን አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ለላሞቹ ግን ብዙ አሏቸው፤ እኔ እንድሰማ።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

ብርድ ልብሴን፣ አጎዛውንና ስሊፒንግ ባጉን ጠቀለልኩ። ስሊፒንግ ባጉ ብቻውን እንደማይበቃ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም።

የጣቢያው ዘበኛ ዘርግቶ አየው።

«ምንድን ነው?»

«መኝታ ነው።»

«ለማን?»

«ለዲሪርሳ። መምህሩ።»

«ምንህ ነው?»

«ወንድሜ።»

ወረቀቶቹን አገላበጠ። እንደ ቸር ሰው ነው የሚያወራው፤ ክፋት የለበትም። «እሱ እኮ ዝርዝሩ ላይም አልነበረም» አለ። «ሲሮጥ ነው የተያዘው። ንጹሕ ሰው ቤቱ እያለ ውጭ ምን ያሳድረዋል?»

ምን ልበለው? ለሁሉም ነገር አንድ ቀልድ ነበረኝ። ፈለግኩ። የለም።

«እኔ ነኝ ና ያልኩት» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ምሳ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አንዷ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ወጡ በረደ» አለች።

«ስም» አለ።

ሁንዴ። የአባቴን ጨመርኩ። የአያቴንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩ።

ጻፈ። ጥቅሉን ተቀበለ። «ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ና፣ በኋላ ወረፋ ይበዛል» አለኝ።

በቃ? ይሄው? እኔ የሸሸሁት...

ታኅሣሥ 21፣ ሐሙስ

ቤት ነው የማድረው። አልጋዬ ላይ፣ ካፖርቴን ደርቤ። በሩ ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ግን ተነስቼ እከፍታለሁ። እስካሁን ያንኳኳው አብዱረዛቅ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ይዞ። «ያ ዕቃ ፀሐይ እንጂ ጨረቃ አልነበረበትም፤ ማየት ነበረብኝ» አለ። ዋጋ ልጠይቀው ስል ሄደ።

ዲሪርሳን በሽቦው በኩል ለአፍታ አሳዩኝ። ከስቷል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እኔ ባልለምንህ ኖሮ ልለው።

«አውቃለሁ» አለ። «ወጡ ላይ ጨው ቀንሱልኝ።»

ጥር 5፣ ሐሙስ

ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሬዲዮኑ ሦስት ጊዜ ተናገረው። አዴ ተረፈች ላም እያለቡ ሰሙት፣ እጃቸውን አላቆሙም። «የቀረው ወረቀቱ ነው» አሉ። «ልጆቹስ?»

ታክሲ ጀምሯል። ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ሲል ምንም እንዳልተፈጠረ ነው።

ካሣዬ ደወለ።

«መንገዱ ተከፍቷል። ለ14ቱ ናልኝ። ስሊፒንግ ባግ ካጣህም አውስሃለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ወፍራም።»

«አልመጣም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ነገርኩት። ከጭዱ ጀምሬ። ዚፑን ጨምሬ። በመሐል አልቀለድኩም፤ ሲያልቅ ነው ያወቅኩት።

«እስኪወጣ አልጠብቅህም፣ ሁንዴ። ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።»

«ስጠው።»

ከዚያ ዘጋሁና ሳህኑን ጠቀለልኩ። የዛሬው ሽሮ ነው፣ ጨው የተቀነሰበት። ከስድስት ሰዓት በፊት ደረስኩ። ዘበኛው ደብተሩን ገለጠ፣ ቀና ሳይል፣ ሳይጠይቀኝም ስሜን ጻፈው። እስከ አያቴ።