አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ውድ ተማሪዬ፣

ጓደኞችሽ «ጠበቃዋ» ይሉሽ ነበር፤ እኔም ደስ ሲለኝ በዚያው እጠራሽ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ ስም ልጥራሽ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቅዳሜ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። በመምህራኑ ክፍል፣ ስታፍ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እናትሽ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት ይህን ጨርሼ በእጃቸው መስጠት አለብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ዋናውን ሐሳብ መጀመሪያ አስቀምጡ» እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ፣ እኔው ራሴ ዋናውን ሐሳብ ወደ ኋላ እገፋዋለሁ።

እንግዲህ ልናገረው። አልሰረቅሽም። አለመስረቅሽን ካወቅኩም ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው።

ያን ሐሙስ አንቺም አትረሺውም። የንብ አርቢው ምንባብ ነበር፤ አምስት አንቀጽ፣ ሃያ ጥያቄ፣ አርባ ደቂቃ። ከዚያ በፊት በነበሩት ልምምዶች ያገኘሽው ስድስት፣ ሰባት፣ አንዴ ደግሞ ስምንት ነበር። ችግርሽን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የማታውቂው ቃል ሲገጥምሽ እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ትያለሽ፤ ሳትፈቺው ንቅንቅ የለም። «ዝለዪው፣ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይነግርሻል» እልሻለሁ።

«ባይነግረኝስ?»

«ከሱ የሚቀጥለው ይነግርሻል።»

«እሱም ባይነግረኝስ መምህር?»

ክፍሉ ይስቃል፣ ደወሉ ይደወላል፣ አንቺ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነሽ።

ያን ቀን ግን ከሁሉም ቀድመሽ ወረቀትሽን አስረከብሽ። በእረፍት ሰዓት አረምኩት፤ አሥራ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። መልሶቹን የጻፍኩበት ወረቀት ከሰኞ ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። መሳቢያው አይቆለፍም። የስታፉን በር ቁልፍ ደግሞ የሚይዙት የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እናትሽ ናቸው። ነገሩን በጭንቅላቴ ገጣጠምኩት፤ ልክክ አለልኝ። አንዴ ልክክ ካለልኝ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

ዓርብ ጠዋት አስነስቼ አቆምኩሽ። ለብቻሽ ጠርቼ ብጠይቅሽ ምን ነበረበት? አርባ ስድስት ተማሪ ፊት ነው ያቆምኩሽ።

«ይህን ውጤት ከየት አመጣሽው?»

«ከምንባቡ።»

«አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂብኝ! እናትሽ የስታፍ ቁልፍ አላቸው አይደል?»

ከኋላ ወንበር አንዱ «የመልሱ ቁልፍ ተገኘ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልኩ። አይተሽኛል። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሽና እንዲህ አልሽ፦

«መምህር፣ ሰርቄ ቢሆን አንዱን ለምን እስት ነበር?»

«ብልጥ ሌባ አንድ ይተዋል» አልኩሽ።

ደብተሮችሽን ሰበሰብሽ። በሩን አላላጋሽውም፤ ቀስ አድርገሽ ዘግተሽ ወጣሽ። ብታላጊው ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ አልመጣሽም። ማክሰኞም። ርዕሰ መምህሩ «ለጥንቃቄ ነው» ብለው ቁልፉን ከእናትሽ ተቀበሉ፤ ማስረከቢያ አስፈርመው ግቢ ጠረጋና መጸዳጃ ቤት ጽዳት ላይ መደቧቸው። እዚያ ከተማ የአክስትሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተሽ መሥራት መጀመርሽን ከወንበር ጓደኛሽ ሰማሁ። «በቃ፣ ጥፋቷን ብታውቅ ነው የሸሸችው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴም አመነኝ።

ከዚያ እውነቱን ያወቅኩበት ሰኞ መጣ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎቼ ወደኋላ ቀርተው ስለነበር የንብ አርቢውን ምንባብ ያን ቀን ነው የሰጠኋቸው። መልሱን ስንሠራ የክፍሉ አለቃ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ አሥራ አራተኛው ቢ ሊሆን አይችልም።»

ጥያቄው «ንቦቹ ቀፏቸውን ለምን ለቀው ሄዱ?» የሚል ነበር። ቢ «በብርዱ ምክንያት» ይላል። «አራተኛው አንቀጽ እኮ ንቦቹ የሄዱት ብርዱ ከመግባቱ ከሳምንት በፊት ነው ይላል» አለኝ። «ቁጭ በል፣ ላንብበው» አልኩና አነበብኩት። ይላል! ንብ አርቢው ቀፎዎቹን አዲስ ቀለም ቀብቷቸው ነበር፤ ንቦቹን ያባረራቸው የቀለሙ ሽታ ነው። ያ ደግሞ ዲ ነው። ምንባቡን የመረጥኩት እኔ፣ ጥያቄዎቹን ያወጣሁት እኔ፣ መልሱን የጻፍኩት እኔ። ዲ መጻፍ ሲገባኝ ቢ ጽፌያለሁ።

ደወሉ ሳይደወል ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። ስታፍ ገብቼ ወረቀትሽን ከጥቅሉ ውስጥ ፈለግኩት። አሥራ አራተኛው ላይ ዲን አክብበሻል፤ በላዩ ላይ የኔ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። ከኔ ወረቀት ብትገለብጪ ኖሮ ቢ ትዪ ነበር፤ ሃያ ከሃያም ታገኚ ነበር። ያቺ ሳትሻት ያልኩሽ አንዷ ጥያቄ፣ እኔ የሳትኳት ነበረች።

ያኔውኑ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ ነገን ቀጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። «ነገሩ በርዷል፤ የበረደ አመድ ምን ያስቆሰቁስሃል?» አሉኝ። «ወላጅ ቢሰማ ስምህ ብቻ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ስም ነው የሚነሳው። ልጅቷ እንደሆነች ሄዳለች።» ያኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ቀለለኝ። አለቃዬ ዝም በል አሉኝ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ አልኩ።

ቅለቱ እስከ ግቢው በር እንኳ አልሸኘኝም። ከዚያ በኋላ መቀመጥ የሚባል ነገር ተወሰደብኝ። ክፍል ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ኋላ ግድግዳ እመላለሳለሁ፤ ልጆቹ አንገታቸውን እንደ ኳስ ተመልካች ያዞራሉ። ከታክሲ የምወርድበትን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ስም ስጠራ ያንቺ ተራ ቁጥር፣ ሠላሳ አንድ ጋ ስደርስ ዘልዬ ሠላሳ ሁለትን እጠራለሁ። ቤት ስገባም እንደዚያው ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወለሉን አሳሳኸው እኮ! ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ። ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ በመጨረሻ መጠየቁንም ተወችው።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እናትሽ በስታፉ መስኮት በኩል መጡ። በሁለት እጃቸው ሁለት የጽዳት ፈሳሽ ጠርሙስ ይዘዋል። ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ አዲስ የመጣ ነው። ከበረኪና ጋር ይቀላቀላል ወይስ አይቀላቀልም ነው የሚለው?»

ተቀብዬ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ፈጽሞ እንዳይቀላቀል ይላል። ነገርኳቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ድሮ ልጄ ነበረች የምታነብልኝ» አሉ። ያሉት ለነገር አልነበረም፤ እንዲያው አመለጣቸው። ከዚያ አምና ሌላ ዓይነት ማጽጃ ከበረኪና ጋር ደባልቀው መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ታፍነው መውደቃቸውን፣ ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ መተኛታቸውን ነገሩኝ። እዚሁ ትምህርት ቤት! እኔ አንድ ቀንም አልሰማሁ።

«ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ባየች ቁጥር መዝገበ ቃላቷን ይዛ ቁጭ ነው። አንዲት ቃል አትዘልም። ‹እማዬ፣ የዘለልኳት ቃል አንቺን የምትገድለዋ ብትሆንስ?› ትለኛለች። መጀመሪያ አንዱን ጠርሙስ ስታነብ ይመሻል። ኋላ ኋላ ግን ፈጠነች። የመድኃኒት ወረቀት፣ የማሽን መመሪያ፣ ያገኘችውን ሁሉ ነው። እናንተ የጣላችሁትን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ከቆሻሻው ለይቼ እወስድላት ነበር።» ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበሉና ጨመሩ፦ «ከዚህ ክፍል የወሰድኩት ነገር ቢኖር እሱን ነው፣ መምህር።»

እኔ ደግሞ ልጅቷ ግትር ናት ስል ነበር።

«እትዬ፣» አልኳቸው፣ «ልጅዎ አልሰረቀችም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቃለሁ። ካወቅኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው።»

ጠርሙሶቹን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ። «ዘጠኝ ቀን?» አሉ። ሌላ ነገር ይከተላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ስድብ፣ እርግማን፣ የፈለገው ይምጣ ብዬ። ጠርሙሶቻቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ክፍልሽ ገብቼ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀትሽንም ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። የወንበር ጓደኛሽ ብድግ አለች።

«መምህር፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«ከአሥር ቀን በፊት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ።»

ማንም አልሳቀም። ስለ ቁልፉ የቀለደው ልጅ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ደወል እስኪደወል አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም ቀና በሉ አላልኳቸውም።

ርዕሰ መምህሩ ተቆጡ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ። ፋይሌ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቦታው ነው። ነገሩ አንዴ ከወጣ ግን ሊያፍኑት አልቻሉም፤ ትናንት እናትሽን ቢሮ ጠርተው ቁልፉን መለሱላቸው። እናትሽ መች ዝም ብለው ሊቀበሉ! «ስትወስዱት አስፈርማችሁኝ የለ? ስትመልሱትም በፊርማ ይሁን» አሉ። ርዕሰ መምህሩ የልጅቷ ስም ያለአግባብ መነሣቱን በጽሑፍ አስፍረው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ሰጧቸው። አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ታገኛለሽ።

የብሔራዊ ፈተናው መግቢያ ካርድሽም አብሮ አለ። ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ እንግሊዝኛ የመጀመሪያው ነው። እኔ በዚህ ትምህርት ቤት እንዳልፈትን ጠይቄ ወደ ሌላ ተመድቤያለሁ። የኔን ፊት ሳታዪ ገብተሽ፣ ሳታዪ ትወጫለሽ።

እዚህ ላይ ስደርስ እናትሽ መጡ። ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ሳላውቀው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ጽፌያለሁ። የጉዞ ቦርሳቸውን በሩ ጋ አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። በየቀኑ ያንን ወንበር ሲወለውሉ ነው የማውቃቸው፤ ተቀምጠውበት ግን አይቼ አላውቅም።

«ምን እንደጻፍክላት አንብብልኝ» አሉኝ። አንተ አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ይቅር በይኝ የሚል አንቀጽ ነበር፤ እሱንም አልዘለልኩም። እናትሽ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ያቺን የመጨረሻዋን አውጣት።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ረቡዕ ፈተና አለባት። ምንባቡን ታንብብ ወይስ አንተን ይቅር ስትል ትዋል? አንዷን ልጅ ሁለት ፈተና ላይ አታስቀምጥብኝ።»

«ትመጣ ይሆን ግን?» ብቻ አልኩ።

«ልጠይቃት መሰለህ እንዴ የምሄደው? ላመጣት ነው! ቁልፉ ሳይመለስ፣ አንተም ክፍል ውስጥ ሳትናገር፣ ባለፈው እሑድ በስልክ ‹እማዬ፣ ካርዴ ወጥቷል?› ብላኛለች። መዝገበ ቃላቷ ኮፒ ማሽኑ ላይ ነው የሚውለው፤ አክስቷ ‹እያነበበች ቀለም አበላሸችብኝ› እያለች ትጮሃለች።»

አንቺ ለካ እኔ ተናገርኩ አልተናገርኩ ልትመጪ ወስነሽ ነበር። እኔ ነኝ ስንቆራጠጥ የከረምኩት።

አንቀጹን አውጥቻታለሁ። ሰባት መስመር ነበረች። ካርዱ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌዋለሁ። እናትሽ ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ «መምህር፣ አውቶቡሱ እርስዎን ብሎ አይቆምም» እያሉኝ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህርሽ