ሦስተኛው ክሊር ነው

ሐርጌሳ፣ እሑድ ጥር 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ድሬዳዋ ላለችው ለእናቴ ልጅ፣ ለታላቅ እህቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽን እንዴት ያደርግሻል? ትንሹ ልጅሽስ ሳሉ ለቀቀው ወይ? እማዬ የስኳር ኪኒኗን በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ እንደ ልማዷ ዛሬ ደህና ነኝ እያለች ትዘለዋለች? እኔ እስካሁን ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። "እስካሁን" የምትለዋን ሆን ብዬ ነው የጻፍኋት። ያላጣራሁትን አጣራሁ፣ ያልገባኝን ገባኝ ላልል ምያለሁ፤ ምክንያቱን ስታነቢ ትደርሽበታለሽ።

አደራሽን፣ ይህን ለእማዬ እንዳታነቢላት። እሷ የምታውቀው ጨርቅ ቤት እንደምሠራ ነው፤ እንደዚያው ትወቅ። አንቺም ልጆቹ ሲወጡልሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ከቤቴ ሆኜ አይደለም። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ያለችው የኪራይ ክፍሌ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንደተቆለፈች ናት። ያለሁት ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር ወዲያ፣ ዴቆ የምትባል ሴት በቆርቆሮ የቀለሰችው ቤት ውስጥ ነው። ከበሩ እስከ መንገዱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። መንገዱ ላይ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ቆሟል። ባልደረቦቼ ይታዩኛል፤ ብጣራ ይሰሙኛል። ነገር ግን እኔ ወደ እነሱ መሄድ አልችልም፤ እነሱም ወደ እኔ መምጣት አይችሉም። በመካከላችን ያለው መሬት ፈንጂ አለበት። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ ይቅር በዪኝ። ፈርቻለሁ እህቴ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

እዚህ ያመጣኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ "ክሊር" የሚሉት።

አንቺ የጉምሩክ ሰው ስለሆንሽ ቃሉ እንጀራሽ ነው። ዕቃው ክሊር ሆነ ካልሽ ነጋዴው ቀረጡን ጨርሷል፣ ጭኖ ይሂድ ማለትሽ ነው። ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንስ አምጣ ይባላል። አውሮፕላን ጣቢያ ሰማዩ ክሊር ነው ሲሉ ደመና የለም ነው፤ ሐኪም የደረትሽን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ ክሊር ነው ካለ ሳንባሽ ንጹሕ ነው። የሒሳብ አስተማሪያችንን ታስታውሻቸዋለሽ? ሰሌዳውን ሞልተው ዞር ይሉና "ክሊር?" ይሉናል፤ እኛም አንዱም ሳይገባን በአንድ ድምፅ "ክሊር!" እንላለን። የእኔ ጥፋት የጀመረው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬም አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ገባኝ ለማለት ክሊር ነው ይላል።

እኛ መሥሪያ ቤት ግን ሥራችን ከጦርነቱ የቀረውን ፈንጂ ማንሣት ነው። እዚህ አንድ መሬት ክሊር ነው ከተባለ ሰው ይግባበት፣ ቤት ይሥራበት፣ ልጁን ይልቀቅበት ማለት ነው። ይህን የማለት ሥልጣን ያለው ፈረንጁ አለቃችን ብቻ ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ፣ በፊርማው። እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ ተቀምጬ ሜዳ ላሉት መልእክት አደርሳለሁ፣ የእነሱን እቀበላለሁ።

ሜዳ ላይ ከነዋሪው ጋር የሚነጋገረው ዓብዲከሪም የሚባል የዚህ አገር ልጅ ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔም ካንቺም ይበልጣል። በሬዲዮ መነጋገር ያለብን በእንግሊዝኛ ወይም በሶማልኛ እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኛ ግን አለቃችን ከክፍሉ ሲወጣ ወደ አማርኛ እናዘነብላለን። ለምን ብለሽ እንዳትመረምሪኝ። ሰው በሰው አገር ያደገበትን ቋንቋ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ በዚህ እለፊው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለዓብዲከሪም ሦስት መልእክት ነበረኝ። አንደኛው የውኃ መኪና እንደሚዘገይ ነው። ሁለተኛው ስለ ባትሪ ነው። ሦስተኛው፣ የዴቆ መሬት እንደገና መፈተሽ ስላለበት ማንም እንዳይገባበት የሚል ነው። እዚያ ያለው ሜዳ በአራት ተከፍሎ የዴቆ ድርሻ ሦስተኛው ቁራሽ እንደሆነ ልብ በዪ። የዚያን ዕለት ነፋሱ ብርቱ ስለነበር ድምፁ ይቆራረጣል። እኔ እያነበብሁ ሄድሁ፤ እሱ ግን ከመጨረሻው መልእክት "ሦስተኛ" የሚለውንና የዴቆን ስም ብቻ ነው የሰማው። ስለዚህ መልሶ "ሦስተኛው ክሊር ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ መሬቱ ጸዳ ወይ ማለቱ ነው። በቋንቋችን ጥያቄውን ከመልሱ የሚለየው የድምፁ አወጣጥ ብቻ ነው፤ ያንን ነፋሱ ወሰደው። እኔ የሰማሁት "ሦስተኛው ክሊር ነው" ሲል ነው፤ ሦስተኛው መልእክት ገብቶኛል እንዳለኝ ቆጠርሁት። ደስ ብሎኝ "ክሊር! ክሊር!" አልሁት። ሁለት ጊዜ። አንዱ ቢቆረጥ አንዱ እንዲደርሰው።

ዓብዲከሪም ወረቀቱን መጠበቅ ነበረበት፤ ጥፋቱን ትናንት ራሱም አምኗል። ግን ዴቆ፣ ነፍሰ ጡር ልጇ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ከዘመድ ቤት ጥግ ላይ ተኝታለችና መሬቴን ስጡኝ እያለች ዕለት ዕለት ታስጨንቀው ነበር። የምሥራች ነጋሪ መሆን ማን ይጠላል? ሮጦ ነገራት። እኛ የአደጋ ምልክት የምናደርገው ድንጋይ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ነጭ የተቀባ ነው። ዴቆ ድንጋዮቹን በገዛ እጇ ገልብጣ ነጩን ወደ ውጭ አዙራ፣ ቆርቆሮዋን ተሸክማ፣ ልጇንና ፍየሎቿን ይዛ ገባች።

መግባቷን ያወቅሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ዴቆ የግመል ወተት ይዛ ቢሯችን መጣች። አሥር ዓመት ገደማ ወደ ጅግጅጋ ባለው የስደተኞች ጣቢያ ስለኖረች አማርኛ ትሞክራለች። እጄን ይዛ፣ ክሊር ያልሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፣ አላህ ይስጥሽ አለችኝ። እኔ ልጄን ኡባህን ያሳደግኋት በሰው መሬት፣ በላስቲክ ሥር ነው፤ እሷ ግን በአባቷ መሬት ልትወልድ ነው ብላ ሳቀች። ወተቱን ከእጇ ተቀበልሁ። የትኛውን ክሊር ማለቷ ነው? መዝገቡን ገልጬ አየሁ። ሦስተኛው ቁራሽ፣ እንደገና የሚፈተሽ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ፤ ካንቺ የምሰውረው የለኝም። አራት ቀን ዝም አልሁ። ረቡዕ ነገ እናገራለሁ አልሁ። ሐሙስ አለቃችን ፊት ቆሜ አፌን ከፈትሁና ሻይ ላምጣልህ ወይ ብዬው ወጣሁ። ዓርብ ጁምዓ ነው ብዬ አሳለፍሁ። እዚህ አገር ሰው ቢያጠፋ ጎሳው ከኋላው ይቆምለታል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ይነጋገርለታል። ለእኔ ማን ይቀመጥልኛል? ደግሞ ዓብዲከሪም ከሥራ ይባረራል ብዬም ፈራሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ምላሴ ግን እንደታሰረ ነው። ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ትናንት ጠዋት ሬዲዮው ውስጥ አንድ ድምፅ ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። የዴቆ ፍየል ፈንጂ ረግጣለች። እኔ ዝም ባልሁ ፍየል ተናገረች። ያን ጊዜ ሁሉንም ለአለቃችን ዘረገፍሁለት። አልተቆጣኝም። ፊቱ አመድ መስሎ መኪናውን አስነሣና አብረን መጣን።

እዚህ ስንደርስ ዴቆ በሯ ላይ ቆማ ወደ ሞተችው ፍየል ለመሄድ ታቆበቁባለች። ኡባህ ከኋላዋ ሆዷን ይዛ ቆማለች። ዓብዲከሪም በድምፅ ማጉያ ባለሽበት ቁሚ፣ መሬቱ አልጸዳም ብሎ ለመናት። እሷ ግን ሳቀችበት። ትናንት ክሊር አላችሁ፣ ዛሬ አይደለም አላችሁ፤ ነገሩ ገብቶኛል፣ መሬቴን ለሌላ ልትሰጡ ነው፤ ፍየሏ የሞተችው ከድንበሬ ውጭ ነው አለች። በዚህ ከተማ ከስደት ተመልሶ መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኘው ስንት ነው፤ አልፈርድባትም። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ክሊር ያለችው ልጅ ራሷ ደጄ ድረስ መጥታ አይደለም ትበለኝ፣ አለዚያ ማንንም አልሰማም አለች። ፈንጂ አንሺው ኤልሚ እስከ በሩ መተላለፊያ ለመጥረግ ሁለት ቀን እንደሚፈጅበት ተናገረ። ሁለት ቀን ሙሉ ዴቆ ፍየል ልትሰበስብ፣ ውኃ ልትቀዳ፣ ሜዳ ልትወጣ ነው። እያንዳንዷ እርምጃዋ በእኔ አፍ ላይ ናት።

መንገዱ ዳር የተዘረጋውን መከለያ ገመድ ቀና አድርጌ ገባሁ። ጀግና ነሽ እንዳትዪኝ፤ እየሄድሁ ሽንቴ አምልጦኛል። አለቃችን ከኋላዬ በስሜ ይጮሃል፤ ዓብዲከሪም ድምፅ ማጉያውን ጥሎ በባዶ ድምፁ ተመለሺ፣ በአላህ ተመለሺ ይላል። ዘወር ካልሁ እወድቃለሁ ብዬ አልዞርሁም። የዴቆ ነጠላ ጫማ ያተመው ዱካ በነፋሱ እየደበዘዘ ነው። አንዳንዱ ላይ ረገጥሁ፤ ሲጠፋብኝ ደግሞ በግምት ረገጥሁ። ሻሃዳዬን እያልሁ፣ መሀል ላይ ቃሉ ጠፍቶብኝ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመርሁ፣ ደጃፏ ደረስሁ። ቀሚሴን አየችው፤ ፊቴን አየችው። አንዲት ቃል ሳልናገር አመነችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስታችን ከዚህ በር አልወጣንም።

ኤልሚ በደረቱ ተኝቶ፣ በመፈተሻ መሣሪያውና በቀጭን ዘንጉ መሬቱን እየነካካ በጣት በጣት ወደ እኛ ይመጣል። መሣሪያው ቆርቆሮም ቢሆን ሚስማርም ቢሆን ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ኡባህ እጄን ትጨብጣለች፤ እኔም የእሷን። ትናንት ሁለት ፈንጂ አወጣ። ሁለቱም የዴቆ ፍየሎች ከሚያልፉበት አጠገብ ነበሩ። ይህን ወረቀትና ብዕር የወረወረልኝ ዓብዲከሪም ነው፤ ድንጋይ ላይ አስሮ፣ በጣሪያው ላይ፤ ከበሩ ሆኜ እጄን ዘርግቼ አወረድሁት። እስካሁን ሥራውን አላጣም፤ የወደፊቱ ግን ገና አልታወቀም። ስለ እሱ ብዙ እንደጻፍሁ አሁን መልሼ ሳነብ አየሁ። አንቺም ነገር አይጠፋሽም።

ኡባህ ጮኸች፤ ብዕሩን ማስቀመጥ አለብኝ።

ተመልሻለሁ። የዐሥር ሶላት ተሰግዷል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቡኒ ነጠብጣብ የእኔ ደም አይደለም፣ አትደንግጪ። እጄን በቀረችን ውኃ ታጥቤያለሁ።

ኤልሚ ደጃፉ ላይ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው መሣሪያው ጮኸና አልቆም አለ። አፈሩን በብሩሽ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አቆመ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ላቡ በቅንድቡ ላይ ይወርዳል። ፈንጂውን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ የሻይ ማስቀመጫ ሰሐን ያህላል። አጠገቡ የትናንት የጫማዬ ተረከዝ ታትሟል። በመካከላቸው አንድ ስንዝር የለም። አይቼው ወደ ውስጥ ገባሁ። ከእንግዲህ በሕይወቴ ሙሉ እግሬን ሳነሣ ያንን ተረከዝ የማየው ይመስለኛል።

ከቦታው አይነሣም፣ እዚያው ይፈነዳል አለኝ። የአሸዋ ከረጢት በዙሪያው ደርድረዋል። እኛ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ፍራሹን ከልለን እንተኛለን። ቆርቆሮው ይችለው እንደሆነ ስጠይቀው ኢንሻአላህ አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ደብዳቤውን ጠቅልዬ ልወረውርለት ነው፤ ነገ ለድሬዳዋ ሾፌር ይሰጥልኛል። ከእኔ በፊት ይህ ወረቀት ይወጣል።

እህቴ፣ ለበደልሁሽ ሁሉ አውፍ በዪኝ። አላህ ለልጆችሽ ያቆይሽ፤ የእማዬን ዕድሜ ያርዝመው፤ ቤትሽን ከክፉ ሁሉ ይጠብቀው። ዱዓሽ አይለየኝ፤ ይህን ስታነቢ ያለፈ ነገር ቢሆንም እንኳ አድርጊልኝ።

ኤልሚ መዝገቡ ላይ ሊጽፍ፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ትናንት ሦስት ብዬው ነበር። ዛሬ አራት አልሁት። ደግመሽ ንገሪኝ አለኝ። አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አራት ሰው ብዬ ቆጠርሁለት። ፊቱን አዞረና መንገድ ላይ ለነበሩት በሶማልኛ ነገራቸው። ከዚያ ጆሯችሁን ድፈኑ ብሎ የጥጥ ጥቅል ወረወረልኝ። ለሦስታችን ቀድጄ አካፈልሁ። ለአራተኛዋ፣ ለአንድ ጆሮ የሽንብራ ፍሬ የምታህል በቃቻት።

ታናሽ እህትሽ