ገንዘቡ መጣ፣ ሰው አልመጣም

ጥቅምት 6

ዛሬም ጥገና ብቻ። ሁለት የተበጠሰ ሐብል፣ አንድ የጠበበ ቀለበት። ከጋሽ ገነነ መስኮት ግማሹን ተከራይቼ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው ሰዓት ይጠግናሉ፣ እኔ ወርቅ። ጎን ለጎን አጎንብሰን እንውላለን።

ከመንገዱ ማዶ ወርቅ ቤቶቹ። ዛሬም አየሁት። አንድ ሰውዬ ከአንዱ ሱቅ ወጣ፤ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ኪሱ ከተተ፤ እታች ያለው ሱቅ ገባ፤ ባዶ እጁን ወጣ። ወርቅ ነው። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። ተወልጄ ባደግሁበት ጅዳ፣ አንድ ቀለበት ከመሳቢያ ሲወጣ ሦስት ሰው ይፈርምበት ነበር። እዚህ... ምንድን ነው እንዳይወድቅ የያዘው?

ጋሽ ገነነን ጠየቅኋቸው።

"ይዞት ቢጠፋስ?"

"የት ይጠፋል? ስሙን እዚህ ጥሎ?"

ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከተማ ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ወርቅ ይቀባበላል፣ ማንም አይቆልፍም።

ጥቅምት 9

አንድ ወርቅ ቤት ደፍሬ ገባሁ። በነሐስ የሠራሁትን አምባር አሳየሁ። ባለቤቱ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ጥርሱን ገለጠ፣ "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ወርቅ ይስጠኝና ሠርቼ ላምጣለት አልኩት።

"የማን ልጅ ነሽ?"

ዐይኔን አምባሩ ላይ ተከልኩ።

"ዋስስ አለሽ?"

"የለኝም።"

አምባሬን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት መለሰልኝ። ይኸው ነው። እዚህ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በገባሁበት ሁሉ ይኸው ጥያቄ። የራሴ ወርቅ የለኝ። በእምነት የሚሰጠኝ ካልተገኘ ዕድሜ ልኬን የሰው ሐብል ስቀጥል ልኖር ነው።

መልስ ግን አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ችግሩም እሱ ነው።

ጥቅምት 10

የሲን ወርቅ ሠሪው። አባቴ። እዚሁ ፒያሳ ሠርቷል። ጅዳ ሲሄድ ለመንገዱ ከወርቅ ነጋዴው ከሀጂ ዘይኑዲን ሦስት ሺህ ብር ተበደረ። በመጀመሪያው ዓመት አልሞላለትም። በሁለተኛው አፈረ። ከዚያ ዓመት ዓመትን እየወለደ...

ሊሞት ሲል ሌላ ነገር አልተናገረም። "የዘይኑዲን ሦስት ሺህ" ብቻ። ጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት ወንድሜ ተነሥቶ "አባታችን ላይ ዕዳ አለኝ የሚል ካለ እኛ አለን" አለ። ማን ይናገር? ባለገንዘቡ ፒያሳ ነው።

እናቴ በስልክ ታስታውሰኛለች። "የባለዕዳ ነፍስ ዕዳው እስኪከፈል ትንጠለጠላለች፣ ልጄ።" የት ነው የምትንጠለጠለው? ጅዳ ሰማይ ላይ? ወይስ እዚህ፣ ከሱቁ በላይ?

የሀጂ ሱቅ ከመስኮቴ ይታያል። አንድም ቀን አልገባሁም።

ጥቅምት 14

አደረግሁት! የሀጂ ስልክ ቁጥር ሱቃቸው በር ላይ ተጽፏል። ሦስት ሺህ ብር በስልኬ ላክሁ። ማንም አላየኝ፣ ማንንም አላየሁ። እንዲህ ቀላል ነበር? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር፣ በአንድ አውራ ጣት...

(ከሰዓት በኋላ) ተመለሰ። ሦስት ሺውም። ያለ አንዳች ቃል።

ጥቅምት 15

የያኔውን ዋጋ ነው የፈለጉት። ሌላ ምን ይሆናል? እንደ ዋዛ ጋሽ ገነነን፣ "ያኔ፣ ኢህአዴግ እንደገባ ሰሞን፣ ሦስት ሺህ ብር ምን ይገዛ ነበር?" አልኳቸው።

"ያኔማ? ሙሽራ በወርቅ አልብሰሽ ትሸኚበታለሽ።"

ዛሬ በሦስት ሺህ ብር ብናኝ ነው የሚገኘው። የሙሽራ ወርቅ ከየት አመጣለሁ? ያጠራቀምኩትን ሁሉ ብሰጥ ለአንድ አምባር አይበቃ። የማይከፈል ዕዳ ይወረሳል እንዴ? እኔ ደግሞ ለማን አወርሰው ይሆን...

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የሀጂ ልጅ ኑሰይባ መስኮታችን ላይ መጣች። የሚጠገን የጆሮ ጌጥ ይዛለች። መንጠቆው አልተሰበረም፤ ገና ሳየው አውቄዋለሁ።

"ገንዘብ የላክሽው አንቺ ነሽ አይደል? ሰልዋ የሲን?"

"ማን ነገረሽ?"

"ስልኩ ነዋ! ስምሽን ከነአባትሽ አውጥቶታል። እዚህ ወርቅ የምትጠግን ሰልዋ ደግሞ አንድ ናት።"

አላሰብኩትም። ዓመት ሙሉ ከሰው የደበቅሁትን የአባቴን ስም ራሴ ላክሁላቸው።

"ታዲያ ለምን መለሱት? አነሰ?"

"ማነሱን ማን ቆጠረው። አባቴ ምን አለ መሰለሽ? 'ገንዘቡ መጣ፣ ሰው አልመጣም።' በሰው ፊት ተሰጥቶ በስልክ ይመለሳል? ምስክሮቹ ባሉበት ነው።"

"ምስክሮቹ እነማን ናቸው?"

"አንደኛው ሞቷል። አንደኛው..." በአገጯ ጠቆመችኝ። ወደ ጎኔ።

ጋሽ ገነነ ማጉሊያቸውን ከዐይናቸው አወረዱ።

"የየሲን ልጅ? አንቺ? ዓመት ሙሉ ክንዴን እየገፋሽ?"

"ያውቁኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።"

"በምንሽ ልወቅሽ? እሱ ጠዋት የከፈተውን አፍ ማታ የሚዘጋ፣ አንቺ ድዳ!"

ኑሰይባ ሳቀች። እኔም... ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ስንት ወር ሙሉ ክንዴ ምስክሩን ሲነካ ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ከጋሽ ገነነ ጋር ሄድን። እንዳለ ልጻፈው።

ሀጂ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸው ጉልበታቸው ላይ። ገንዘቡን አላዩም፤ እኔን አዩ።

"የሲን ልጅ ወልዶ ነበር?"

"ሦስት ነን ሀጂ።"

"ሥራውን የያዘው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ወደ ጋሽ ገነነ ዞሩ። "ገነነ፣ በወርቅ ነው በብር የሰጠሁት?"

"በብር። እዚችው ባንኮኒ ላይ ቆጥረህ። ሚዛን አልነካህም።"

"ስንት?"

"ሦስት ሺህ።"

ያጠራቀምኩትን ሁሉ ይዤ ነበር የመጣሁት። በፌስታል ጠቅልዬ። ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሀጂ፣ ያኔና ዛሬ አንድ አይደለም... ባይሞላም እንኳ..."

"እኔ ሦስት ሺህ ሰጠሁ። በላዩ አንድ ብር ብወስድ ወለድ በላሁ ማለት ነው።"

"ሳትጠየቅ፣ በደስታዋ ከሰጠች ምን አለበት?" አሉ ጋሽ ገነነ።

"ይቻላል የሚሉ ዓሊሞች አሉ። የኔ ሆድ ግን አይችለውም። ደግሞ አንተን ማን ሙፍቲ አደረገህ? ሰዓትህን ጠግን!"

ከክምሩ ውስጥ ሦስት ሺህ ብሯን ብቻ መዘው፣ ጣታቸውን እያረጠቡ ቆጠሩ። ቀስ ብለው። ዛሬ ሁለት ኪሎ ሥጋ ከነቅመሙ የማይሞላ ገንዘብ እንደ ትልቅ አደራ ሲቆጠር ቆሜ አየሁ።

"ገነነ፣ አየህ?"

"አየሁ።"

"ኑሰይባ?"

"አየሁ፣ አባ።"

"የሲን ከኔ ዘንድ ዕዳ የለበትም። አላህ ይዘንለት።"

አለቀ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

"ሰው ጅዳ በሄደ ቁጥር ሰላም በሉልኝ እል ነበር። ሰላምታ ብቻ። አላገኘነውም ይሉኛል። ይደበቅ ነበር?"

ምን ልበል? የፒያሳ ሰው መጥቶ በራችንን ሲያንኳኳ አባቴ መብራት ያጠፋ ነበር። እኛን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም ያሰኘን ነበር። ለካ ከበሩ ውጭ የቆመው ሰላምታ ነው።

"አዎ ሀጂ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራ ስጡኝ ለማለት አፌ አልተላቀቀም።

ጥቅምት 25

እናቴ ጋ ደወልኩ። ነገርኳት። ስልኩን ይዛ አለቀሰች፣ እኔም ይዤ ሰማኋት።

ኅዳር 3

"የየሲን ልጅ! እንዴት አደርሽ?" አለኝ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ከመንገድ ማዶ።

ደህና አደርኩ።

ኅዳር 12

ኑሰይባ መጣች። መሐረብ አስቀመጠች።

"አባቴ ነው። ጥንድ አምባር ሥሪለት፣ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ። የሳምንት ጊዜ ውሰጂ።"

"የት ልፈርም?"

"ፊርማሽን ምን እናደርገዋለን? ግድግዳ ላይ አንሰቅለው!"

ሄደች። ፈታሁት። ወርቅ። የሰው ወርቅ፣ በእኔ ጉልበት ላይ። እንዲህ ይከብዳል? በሚዛን ያለው ክብደት ያን ያህል አይደለም... ሌላ ነገር አብሮ ተቋጥሯል። ስልክ አልላከውም፣ መንግሥት አላዘዘው። አንድ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት የተደበቀበትን ሰው ልጅ አይቶ ነው የላከው። አባቴ የፈራው ከተማ ይሄ ነው?

ጋሽ ገነነ ሳይዞሩ "አፍሽን ዝጊ፣ ዝንብ ይገባል" አሉኝ።

ኅዳር 19

አምባሮቹን ወሰድኩ። ስሞርዳቸው የረገፈውንም ብናኝ በወረቀት አጥፌ። ሀጂ ሁሉንም ሚዛን ላይ አደረጉ። ቅር አለኝ። ፊቴ ላይ አይተውታል መሰለኝ።

"እመዝናለሁ። ሳይመዝን ያመነ፣ ሲጎድልበት ሰው ያማል።"

አልጎደለም። እንዲህም ማመን አለ ለካ! እየመዘኑ።

ታኅሣሥ 17

ያ "ዋስስ አለሽ?" ያለኝ ሰውዬ ሐብል እንድሠራለት ወርቅ ላከ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ድጋሚ አልጠየቀም።

ጥር 20

የሰርግ ሰሞን። ረመዳን ሳይገባ የሚያገባው ሁሉ ተጣድፏል፤ እጄ ላይ ጠባሳ ያልነካው ጣት የለም። ዛሬ የወር ድካሜን ዋጋ ልቀበል ሀጂ ሱቅ ገባሁ። በገዢ ተሞልቷል። ጋሽ ገነነም የግድግዳ ሰዓት ሊያደርሱ መጥተው ነበር።

ሀጂ አዩኝ። ዝቅ ብለው እንኳ አላወሩም፤ በሁሉ ፊት ነው።

"ሰልዋ፣ ዛሬ እጄ ላይ የለም። ያለኝን ዕቃ ገዛሁበት። ረመዳን እስኪገባ ታገሽኝ።"

እኔን? ታገሽኝ?

"እሺ... እሺ ሀጂ። ምንም አይደል።"

"ገነነ፣ ሰምተሃል። የሰልዋ ዕዳ አለብኝ።"

"ሰምቻለሁ። ካልከፈልክ ደግሞ አልለቅህም።"

ሱቁ ሙሉ ሳቀ። እኔ መሬቱን እያየሁ ወጣሁ። አበዳሪ ሆኛለሁ። የሀጂ ዘይኑዲን!

ከዚያ ትዝ አለኝ። የቤት ኪራይ ነገ ነው፣ ኪሴ ባዶ ነው። አከራዬን እትዬ አባይነሽን ምን ልበላቸው? አንድ ቀን ያሳለፍኩባቸው ጊዜ ምን እንዳሉኝ አልረሳሁም። አራት ኪሎ ቤቴ እስክደርስ ቃል ስመርጥ፣ ስጥል። በመጨረሻ አንኳኳሁና እውነቱን ተናገርኩ።

"ገንዘቤ ሀጂ ዘይኑዲን ጋ ነው፣ እትዬ። ረመዳን እስኪገባ ይታገሱኛል?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"የወርቅ ቤቱ ሀጂ?"

"አዎ።"

"እሱ ጋ ካለሽማ እጅሽ ላይ እንዳለ ነው" አሉና ወደ ወጥ ድስታቸው ተመለሱ።