አንድ ኩባያ ውሃ

ኅዳር 8፣ ጠዋት 2፡30
ዛሬም ሦስት ሕሙማን፣ ሦስት ቅጽ። ጥያቄዬ ያው፦ መጨረሻ የበሉት መቼ ነው? የጠጡትስ? መልሱም ያው፦ ከትናንት ማታ ወዲህ ምንም አልቀመስኩም። ከደንበጫ የመጣውም፣ ከቋሪት የመጣችውም።

የመመረቂያ ጥናቴ እያማረ ነው፣ ማስታወሻዬ። የእኛ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በፊት ከሚገባው በላይ ይራባሉ፣ ይጠማሉ። ማስረጃው ሞላልኝ። በዚሁ ከቀጠለ እስከ ጥር እጨርሳለሁ።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት 9፡00
ደስ ብሎኛል። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ወ/ሮ ዘይነባ። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ የሐሞት ጠጠር። ቀጠሯቸው ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዴ በመብራት መጥፋት፣ አንዴ በኦክስጅን እጥረት። 4 ሰዓት ላይ ጠየቅኳቸው። ምንም አልቀመስኩም አሉ፤ ጻፍኩ። ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። ጎሕ ሲቀድ አንድ ኩባያ ውሃ ጠጥቻለሁ።»

ለምን እንደዋሹኝ ጠየቅኩ።

«እውነቱን የተናገረችውን መልሳችሁ ሰደዳችኋታ።»

እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት የጎን አልጋቸው ሴት ሻይ ጠጣሁ ብላ ቀጠሮዋ ተሰረዘ። ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።

ለዶ/ር ታደለ፣ ለቀዶ ሐኪማችን፣ ነገርኩት። ይሰረዝ አለ። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ከጠጡ አራት ሰዓት አልፏቸዋል፤ የጠጡትን ሆድ ውስጥ የሚያቆይ ሌላ በሽታ የለባቸውም፤ መመሪያው ይኸው ብዬ አሳየሁት። ተኝተው ሳለ አስመልሷቸው ወደ ሳንባቸው ቢገባስ አለኝ።

«ማደንዘዣ ሰጥቼ የማስተኛቸው እኔ ነኝ። ኃላፊነቱም የኔ ነው።»

እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ሁሉም በሰላም አለቀ። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ውሃ ነው። ሳቄ መጣ።

ኅዳር 10፣ ጠዋት
ሳቁ አልቆየም። ቅጾቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለዋል። የትኛው እውነት ነው? የምንጠይቃቸው እኛ፣ የምንሰርዝባቸውም እኛ። ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ የሰበሰብኩት ፍርሃት ነው።

አማካሪዬ ባሕር ዳር ነው። ደወልኩለት። ድክመቱን በአንድ አንቀጽ ጠቅሰሽ አልፈሽ አስረክቢ አለ። አስብበታለሁ አልኩት።

ወ/ሮ ዘይነባ ቁጭ ብለዋል፤ ሾርባ ጀምረዋል። ሥራዬን እንዳፈረሱብኝ ነገርኳቸው። አላዘኑልኝም።

«ከሚያስፈራ ዳኛ ፊት እውነት አይቀርብም፣ ልጄ።»

ኅዳር 12፣ ከሰዓት
ዶ/ር ታደለን ይዤ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገባሁ። ራሱ ተናገረ፦ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ ንጹሕ ውሃ የጠጣ ሰው ቀጠሮው አይሰረዝበትም። ጥጉ ላይ የተኙት አዛውንት፣ ታዲያ እስካሁን ለምን አስጠማችሁን አሉ።

ወሰንኩ፣ ማስታወሻዬ። የድሮዎቹን ቅጾች አልጥልም፤ ታሽገው ይቀመጣሉ፤ ከውጤቱ ግን አይገቡም። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አዲስ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ጠያቂዋም እኔ አልሆንም፤ ቀጠሮ መሰረዝ የማትችል ሰው ትሆናለች። ምርቃቴ ይዘገያል። ይዘግይ። ሲፈቅዱልኝ ቅጾቹን እንደገና ከአንድ እቆጥራለሁ።