እኔ የቀበርኩት ገል

ጥር 7

የመጋዘኑ በር ዛሬም ተጣብቆ በትከሻዬ ገፍቼ ነው የከፈትኩት። ጠዋቱን ሙሉ አይጥ የበላቸውን ካርቶኖች በአዲስ ስቀይር ዋልኩ። ገል፣ ገል፣ ገል... የሸክላ ስባሪ የማይወድ ሰው እዚህ መሥሪያ ቤት አይቀጠር።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፋይል ጠበቀኝ። ከጥንታዊው ጉብታ ሥር ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው። ያው እንደ ደንቡ... በጥብቅ ክልሉ ውስጥ ማንም መሠረት ከመጣሉ በፊት እኛ የሙከራ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ከሥሩ ጥንታዊ ነገር ከተገኘ ቤት የለም። ካልተገኘ ይሠራል። ፊርማዬን ላኖር ስል ስሙን አየሁት።

እሱ ነው።

ሻዬ ቀዘቀዘ። ፋይሉን መክደን አቃተኝ።

ጥር 8

እማዬ ፊቴን አይታ "ማን ሞተ?" አለችኝ። ማንም አልኳት። ለጊዜው።

ጥር 11

ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"ያ ባለ ባርኔጣው?"

"አዎ።"

"ቤት ሊሠራ?"

"ለጡረታው።"

ሳቀች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ደስ አይልም፣ ግን ሳቅ ነው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነበር። ከሰፈራችሁ ሥር ጥንታዊ ከተማ ተቀብሯል ብሎ ዶዘር ይዞ መጣ። የኛ ቤት የመጀመሪያው ሆነ። ወደ መንገድ የምትወጣው ክፍል የአባዬ ሱቅ ነበረች፤ ሰዓት ይጠግናል። ሰፈሩ ሁሉ "ሰዓት ሠሪው" ነው የሚለው። ግድግዳው ሲወድቅ የደንበኞቹ ሰዓቶች ገና አልወጡም ነበር... ቆፈሩ፣ ቆፈሩ። ቢጫ አፈር። ሌላ ምንም። ጉድጓዱን እንኳ ሳይደፍኑ ሄዱ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተባለ፤ እንደተባለ ቀረ። አባዬ የኪራይ ክፍል ውስጥ መስኮት ስር ተቀምጦ፣ የማንንም ሰዓት ሳይነካ ሞተ።

ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ ሲሉኝ "ታሪክ ስለምወድ" እላለሁ። ሰውም ያምናል።

እማዬ ሽንኩርቷን መልሳ አነሳች። "ታዲያ አሁን ፈራጇ አንቺ ነሽ?"

"ፈራጁ ጉድጓዱ ነው።"

"ጉድጓዱን የምታስቆፍሪውስ?"

ጥር 19

ባዶ።

ቆፋሪያችን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ቃል ስለማይወጣው "ዝምታ" የምንለው፣ እስከ ጉልበቱ ወረደ። አፈር፣ ጠጠር፣ የላስቲክ ቁራጭ። ደንቡ የሰው እጅ እስካልነካው ድንግል አፈር ድረስ ውረዱ ስለሚል ገና ይቀጥላል። ግን ተስፋ የለውም።

እሱም መጣ። ባርኔጣው ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰውዬ ብቻ ነው ያነሰው። ሁሉም "እሳቸው" ይለዋል። እኔም ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን እሱ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ግድግዳውን አየና "እንዴት ያለ ቀጥ ያለ ቁፋሮ ነው! ጎበዝ ልጅ" አለኝ። ልጅ! ከዚያ በጫማው ጫፍ መሬቱ ላይ መስመር እየሳለ "እዚህ ጋ ሳሎኑ፣ እዚህ ጋ መጽሐፎቼ፣ መስኮቱ ወደ ጉብታው" እያለ አሳየኝ።

በሱ ጫማ ጫፍ እንዲህ የተሳለ ስንት ቤት ፈርሷል?

ፈገግ አልኩለት። ጥርስ የልብ መጋረጃ ነው።

ጥር 20

አደረግኩት።

ዝምታ ምሳ ሲወጣ ብቻዬን ወረድኩ። ገሎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፤ መለያቸውን አይጥ ከበላው ሳጥን ያወጣኋቸው፣ ቀይ፣ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ያለባቸው። የጉድጓዱን ወለል በአንዱ ጥግ ቆፈር አድርጌ አስቀመጥኳቸው። አፈሩን በውሃ አርሼ በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩት፣ ላዩን በደረቅ አቧራ ሸፈንኩት። ሥራዬን አውቃለሁ። የሌላ ሰው ውሸት ለመያዝ የተማርኩትን ሁሉ ለራሴ ውሸት አዋልኩት።

ዝምታ ሲመለስ እጄን ታጥቤ ሻይ እየጠጣሁ አገኘኝ።

ጥር 23

"አለ!" ብሎ ጮኸ ዝምታ። ሰውየው ድምፅ እንዳለው ዛሬ ነው ያወቅነው።

አለቃዬ በመኪና መጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ገሎቹ ተመዘገቡ፣ የግንባታ እገዳው እዚያው ተጻፈ። ለሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። ባርኔጣውን አወለቀና ራሱን አከከ። "እርግጠኛ ናችሁ?" አለ። አባዬም ያኔ እንደዚሁ ነበር ያለው፣ ቃል በቃል። "እርግጠኛ ናችሁ?"

"ደንብ ነው" አልኩት። እሱም ያኔ እንደዚሁ ነበር ያለው።

እማዬ ደጋግማ አስተረከችኝ። ባርኔጣውን ያወለቀው በየትኛው እጁ ነው? ምራቁን ዋጠ? ቁጭ አለ? ያላየሁትንም ጨምሬ ነገርኳት። በልታ ጠግባ ተኛች።

ጥር 30

ቢሮ መጣ። ገሎቹን ልይ አለ፤ መብቱ ነው። ትሪ ላይ ዘርግቼ ሰጠሁት።

አንዱን አነሳ። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ስብራቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ፣ ከዚያ በምላሱ ጫፍ ነካው። ቆይቶ፣ ቆይቶ...

"ይሄ ገል ታጥቧል" አለ።

"ካገኘነው በኋላ አጥበነዋል።"

"አይደለም ልጄ። ስብራቱ ላይ የድሮ ሙጫ አለ። ከወንዙ ማዶ ካለው ጉብታ ነው የወጣው። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለማጣበቅ ሞክሬ አልሆን ብሎኝ ነበር።" ገሉን ቀስ ብሎ አስቀመጠው፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው። "የማን ልጅ ነሽ?"

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቅኩ!

"የሰዓት ሠሪው" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

አሰበ። ከልቡ አሰበ፣ ያ ነው የገደለኝ።

"የቱ ሰዓት ሠሪ?" አለ።

አያስታውሰውም። እኛ በየዕለቱ ስሙን ከምግብ ጋር ስንበላ እሱ... የቱ ሰዓት ሠሪ!

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና "ዓርብ እገዳውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ይሰበሰባል። እዚያው እናገራለሁ። ቀድመሽ ብትናገሪ ይሻልሻል" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 1

እግዚኦ።

ዝምታ ሥራውን እየቀጠለ ነበር። ከገሎቼ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ዶማው ሌላ ድምፅ አወጣ። ሳይናገር በእጁ ጠራኝ። ወረድኩ። በብሩሽ ጠረግኩ... ነጭ። የኖራ ልስን። ጠረግኩ። ወለል ነው! ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የጭቃ ጡብ ግድግዳ ሥር ድረስ የሚሄድ የቤት ወለል። እንዲህ ዓይነቱን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የኔ ገሎች ከሱ ጋር ሲተያዩ የትናንት ልጆች ናቸው።

ተንበርክኬ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ዝምታ "ደስ አላለሽም እንዴ እህት?" አለኝ። አራት ቃል!

የካቲት 2

ዓርብ ሲናገር ምን ይሆናል? ወለሉን ከኔና ከዝምታ በቀር ገና ማንም አላየውም። አለቃዬን አውቀዋለሁ፤ ቅሌት ከሚሰማበት ጉድጓዱን ያኑ ዕለት ያስደፍነዋል። የተጭበረበረ ነው ይባላል፣ እገዳው ይነሳል፣ ሰውዬው ሲሚንቶውን ወለሉ ላይ ያፈሳል። ሳሎኑ፣ መጽሐፎቹ፣ መስኮቱ ወደ ጉብታው።

ዝም ብልስ? ሽምጥጥ አድርጌ ብክድስ? ገሎቹ በፎቶ ተይዘዋል። የወለሉ ዕድሜ በነሱ ይገመታል። ገና ያልተወለደ ተማሪ የኔን ውሸት ሸምድዶ ይፈተናል።

ለእማዬ ነገርኳት። "ከተናገርሽ ሥራሽ?" አለች።

"የለም።"

"እሱስ? ቤት ይሠራል?"

"ወለሉ ከታወቀ አይሠራም። መቼም።"

"እንግዲያ ምን ታስቢያለሽ?" አለችኝ የኔ እናት።

ጽድቅ እንዳይመስለኝ እዚህ ልጻፈው። ጅብ ከሚበላኝ ጅብ በልቼ ልቀደስ ብዬ ነው።

የካቲት 4

ኮሚቴው ላይ እሱ ለመናገር ሲነሳ እኔ ቀደምኩት።

"ገሎቹን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

አለቃዬ የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። "ለምን?"

"ቤቱን እንዳይሠራ።"

ጉርምርምታ ሆነ። አንዷ የኮሚቴ አባል "ጉድ ነው" አለች። እኔ ቀጠልኩ። ከገሎቹ ሥር እውነተኛ ወለል አለ፣ ማንም ሊቀብረው የማይችል፤ ከኔ ጉድጓድ ጎን ሌላ ጉድጓድ ይቆፈር፣ በሌላ ሰው እጅ፣ እኔ በሌለሁበት። ወለሉ ወደዚያም ይሄዳል።

እሱ እንደቆመ ነበር።

"የምን ወለል?" አለ። ድምፁ ተለውጧል።

"ኖራ።"

"ቀይ ጠርዝ አለው?"

"አለው።"

ወንበሩን ሳያይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ቤቱ እዚያች ደቂቃ ላይ እንደሞተ አውቋል፤ ከሁላችንም ቀድሞ የገባው እሱ ነው። እና ምን አየሁ? ደስ ብሎታል። አረጋዊው ሰውዬ ደስ ብሎታል! ይህን ያህል ዓመት ጠብቄ፣ እንጀራዬን ከስክሼ፣ ደስታ ሰጠሁት?

የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

የካቲት 23

አዲሱ ጉድጓድ ወለሉን አገኘ። ቦታው በአዋጅ ሊጠበቅ ነው። የኔ የስንብት ደብዳቤም በዚያው ቀን ደረሰኝ። እማዬ "እኩል ለእኩል" አለች። እኩል ነው?

ሚያዝያ 15

አሁን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የሚሸጥ ሱቅ ነው የምሠራው። ድሮ የተሰበረ ሸክላ እጠብቅ ነበር፣ ዛሬ እንዳይሰበር እጠብቃለሁ። ባለሱቋ ጥሩ ሴት ናት፤ ብዙ አትጠይቅም።

ዛሬ እማዬ "ውሰጂኝ። ቤት አጥቶ ልየው" አለች። ጸጉሯን ሁሉ ተሠርታ ነው የወጣችው።

በቦታው ላይ ጥላ ተሠርቷል፣ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። ከውስጥ እሱ ተንበርክኳል። አማካሪ አድርገው ጠርተውታል፤ ስለዚያ ዘመን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባርኔጣው አፈር ጠጥቷል። እማዬ ሽቦውን ይዛ "አንተ!" አለች።

ቀና አለ።

"የሰዓት ሠሪው ሚስት ነኝ።"

ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። እኔን አየ፣ እሷን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጅሽ ከነገረችኝ ወዲህ ሳስታውስ ከረምኩ" አለ። "ሰማያዊ በር ያለው ቤት። ከሥሩ ምንም አልነበረም።"

"እናውቃለን" አለች እማዬ። "ስትቆፍር ቆመን አይተናል።"

አንገቱን ደፋ። ይቅርታ አለ። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። እማዬ እንዳልሰማች ሆነች።

"አሁን የት ነው የምትኖረው?"

"ልጄ ጋ። አንድ ክፍል ሰጥታኝ።"

"ይበልህ" አለች።

ስንት ዓመት አፏ ውስጥ ስታገላብጣት የኖረችው ቃል ናት። ቃሏ ወጣች። ሌላ ልትጨምር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግን አልመጣላትም።

እሱ የሽቦውን በር ከፍቶ "ግቡና እዩት። ያገኘሽው አንቺ ነሽ" አለኝ።

"እርስዎ ባሉበት አልገባም" አልኩት። ይቅር አላልኩትም። እዚህም ልጻፈው፤ አላልኩትም።

ብሩሹን አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ጫማችንን አውልቀን በሽቦው በር ገባን። ቤተ መንግሥት አይደለም፣ መቅደስ አይደለም። የአንድ ሰው ቤት ነው። ልስኑ ሲሰነጠቅ ጠግነውታል፣ በላዩ ሌላ ለስነዋል፣ እንደገና ጠግነውታል። ምድጃው አጠገብ ያለው ኖራ ጠቁሯል። ግድግዳው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ እማዬ እግሯን ብታነሳ በየትም መሻገር ትችል ነበር።

"በሩ የት ነበር?" አለችኝ።

አሳየኋት። የበሩ ደፍ መሐሉ ላይ በእግር ብዛት ጎድጉዷል።

እማዬ ግድግዳውን ዙሪያውን ዞረች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለችና፣ በበሩ ገባች።