የእንጆሪ ለቃሚው ተያዥ

ኮኪት፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርከው ባለቤቴ፣ ለእንጆሪ ለቃሚው ለይኩን፤

«ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ይቅርብኝ። ሰሊጡ ደርሷል፤ ለናፍቆት የሚተርፍ ጊዜ የለኝም። እናትህ እማማ ውባንች ደኅና ናቸው፤ «ልጄ እዚያ አዲስ አበባ ምን ይበላ ይሆን?» እያሉ እኔን ይጠይቁኛል፣ የማበላህ እኔ ይመስል። ልጅህ ሰርካለም አራተኛ ክፍል ገብታለች። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብህ ዝም ብለህ አንብብ፤ በፊደሌ የምትስቅበት ሰሞን አይደለም።

ያቺ ከክሮኤሺያ የደወለችው ሴት ምን ጠየቀችሽ፣ ምንስ መለስሽላት እያልክ በመልእክት ስትጨቀጭቀኝ ሰነበትክ። ቪዛው በእኔ አንድ ቃል ላይ እንደተንጠለጠለም ነግረኸኛል። እነግርሃለሁ። ግን መጀመሪያ የእኔን ትሰማለህ። በስልክ ሲሆን አንተ ትናገራለህ፣ ትናገራለህ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ኔትዎርኩ ይጠፋል። ስለዚህ በደብዳቤ አድርጌዋለሁ። ሰሊጥ ጭኖ የሚወጣው ሽኩር በእጅህ ይሰጥሃል፤ ሾፌር ቢሆንም አደራ አይበላም።

ለመሆኑ መዳፍህ እንዴት ሆነልህ? መጅ አወጣ?

ኮኪት አደባባይ ላይ ሳሉጎቹን ስትቀጥር እንዴት እንደነበርክ እኔ አልረሳሁም። ለአጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ተሰልፎ፣ አንተ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ በመካከላቸው ትንጎራደድና መዳፋቸውን ትዳስሳለህ። ለስላሳ ካገኘህ፣ «ይኼ የተማሪ እጅ ነው፤ ሂድ ወደ እናትህ!» ትላለህ። ያ ሁሉ ሰው ይስቃል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከሰልፉ ይወጣል።

ታዲያ ለክሮኤሺያው እንጆሪ ለቀማ የሚቀጥር ፈረንጅ በቪዲዮ «እጅህን አሳየኝ» ቢልህ ምን ያስቆጣል? «ሰውን እንደ በሬ!» እያልክ ደውለህ ተንገበገብክብኝ። እጅህን አይቶ የገበሬ እጅ አይደለም አለ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ዓይኑ ግን ደኅና ያያል።

ከዚያ ያ ኤጀንትህ፣ ያ ቲክቶክ ላይ ከሰው መኪና ፊት ቆሞ «አውሮፓ በደጃችሁ!» እያለ የሚለፈልፈው፣ መፍትሔ ሰጠህ። ቆፍር አለህ። ሃያ ሄክታር የሰሊጥ መሬት ያለው ሰው፣ ለራሱ አዝመራ አንድ ቀን ማጭድ ያልጨበጠ ሰው፣ አዲስ አበባ ገብቶ የሰው ፎቅ መሠረት ሲቆፍር ከረመ። ለእንጀራ ቢሆን አልስቅም ነበር። ለመጅ! እናትህ «ምን እየሠራ ነው?» ሲሉኝ «መሬት እያጠና ነው» አልኳቸው። መቼም ውሸት አይባልም።

እንጆሪ ደግሞ! ደጋ አገር ልጆች ከአጥር ሥር እየቀጠፉ የሚበሉትን። ሰርካለም ሰምታ «አባዬ እዚያ አገር ሳሉግ ሊሆን ነው?» አለችኝ። ባለፈው «ዶባር ዳን» ብለህ ስልኩን ስትከፍትማ እማማ ውባንች ማማተብ ጀመሩ። የእግዜር ሰላምታ ነው፣ እንዲህ እንድንል ተምረን ነው ብትላቸውም አላመኑህም። እኔም አላመንኩህም።

መሄድህን ጠልቼ እንዳይመስልህ። አምና መንገዱ ተዘግቶ ሰሊጡ መጋዘን ሲከርም፣ ከሽንፋ ሲመለሱ የታገቱት ሰዎች ወሬ ሲመጣ፣ አንተ አልጋ ላይ ስትገላበጥ አጠገብህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፈርተህ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። «ስርጉት፣ ፈራሁ» ብትለኝ አብሬህ አለቅስ ነበር፤ ሻንጣህንም ራሴ አዘጋጅልህ ነበር። አንተ ግን ፍርሃትህን ደብቀህ «እዚህ አገር ሰው ሆኖ መኖር አይቻልም» እያልክ ትንቀን ጀመር። እኛ የቀረነው ሰው አይደለንም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን አንጀቴን ያቆሰለው ያ የመጨረሻው ስልክህ ነው። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል፣ «ክሮኤሺያ እኮ ድልድይ ናት፤ ከገባሁ ወዲያ ጀርመን በአውቶቡስ ነው። ብቻ ሲደውሉልሽ ወቅቱ ሲያልቅ ይመለሳል በያቸው» አልከኝ። እነርሱን ልታታልል፣ ምላሴን ልትዋስ። ከዚያ ወረቀት ሲወጣልህ እኛን ትወስደናለህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አሁን ስለ ውባንተ ልንገርህ። አታውቀውም፤ ዘንድሮ ከጎጃም የወረደ ነው። መንገዱን ፈርቶ ሰው ስላልመጣ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የቀጠርኩት፣ መዳፍ ሳልዳስስ። አንድ ሕግህን ግን አልተውኩም፤ ያለ ተያዥ አልቀጥርም። አንተ ያወጣኸው ሕግ ነው። እያንዳንዱ ሳሉግ ከአገሩ ልጆች አንዱን ተያዥ ይጠራል፤ አጨዳው ሳያልቅ ከጠፋ፣ የቀረውን ድርሻ ተያዡ ያጭድለታል።

ውባንተ ተያዥ የሆነለት ጓደኛው ጠፋ። ማዶ ካለው እርሻ የተሻለ ዋጋ ጠርተውለት በጠዋት ተነሥቶ ሄደ፤ ለውባንተ እንኳ አልነገረውም። ውባንተ የራሱን ድርሻ ጨርሶ ወደ ጓደኛው ድርሻ ተሻገረ። ፀሐዩን ታውቀዋለህ። እኔ አሳዘነኝና «ተወው ውባንተ፣ ሌላ ሰው እናስገባበታለን» አልኩት።

ቀና ሳይል ነው የመለሰልኝ። «አይሆንም እትዬ። እኔ አውቀዋለሁ ብያለሁ። አውቀዋለሁ ካልሁ ወዲያ የሱ ማጭድ የኔ ማጭድ ነው።»

«እሱ እኮ ከድቶሃል።»

«እሱስ ከዳ። እኔ ምን ልሁን ብለው ነው?»

ይህን ተናግሮ ነዶውን አሰረና ከነዶው ክምር፣ ከሂላው ላይ አቆመው። እኔ እዚያው ቆሜ አንተን አሰብኩህ። ክፉ ክፉውን ነው ያሰብኩት፤ አልደብቅህም።

ሴትዮዋ የደወለችው በማግሥቱ ነው። ኔትዎርክ የሚገኘው ትራክተሩ ጣሪያ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ሳሉጎቹ ማጭዳቸውን አቁመው ያዩኛል። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ የእኛው አገር ልጅ ሳትሆን አትቀርም። «ወይዘሮ ስርጉት ነዎት? የምደውለው ከእንጆሪ እርሻው ነው» አለች በትሕትና። አምና ካመጧቸው ሠራተኞች የሚበዙት እንጆሪውን ቅርጫት ላይ ጥለው ጠፍተውባቸዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ቤተሰብ ሳይጠይቁ ደብዳቤውን ለኤምባሲ አይልኩም። «ባለቤትዎ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል?»

ዓይኔ ውባንተ ላይ አረፈ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች።

ለይኩን፣ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «የራሱ ሰሊጥ ሲደርስ የጠፋ ሰው፣ የእናንተ እንጆሪ ሲያልቅ ይመለሳል ብለሽ ነው?» ልላት ነበር። ይችን አንዲት ነገር ብናገር ኖሮ ያ ሁሉ ቁፋሮህ ገደል ይገባ ነበር። ሻንጣህን አንጠልጥለህ በገንዳ ውሃ አውቶቡስ ትወርድ ነበር። ዕድሜ ልክህንም «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» እያልክ ቤቴ ውስጥ ትቀመጥ ነበር። ሳይወድ የተመለሰ ባል ለምኔ ነው?

«ይመለሳል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ተያዡ እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ተያዥ ሲሉ?»

«ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። ጻፊው» ብዬ ዘጋሁት።

ይኸው ሰማህ። አሁን ዝለል። ለዚያ ኤጀንትህም ንገረው፤ በእኔ ቃል ላይ ደግሞ ቲክቶክ ይሥራበት። ግን ዋሸችልኝ ብለህ እንዳትደሰት። እኔ አልዋሸሁም። የተናገርኩት ውሸት የሚሆነው አንተ የቀረህ ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ውሸታሙ አንተ ነህ።

ከትራክተሩ ወርጄ በቀጥታ ወደ ውባንተ ሄድኩ።

«አንድ ሰው ጠፍቶብኛል፤ ተያዡ እኔ ነኝ። ድርሻውን አሳየኝ» አልኩት።

ዞር ብሎ ጓደኞቹን አያቸው። «ኧረ ከዚያ ከሄደው በቀር ሁሉም አሉ እትዬ። ማን ጠፋ?»

«ገና አልጠፋም። ከወዲሁ ልጀምርለት ብዬ ነው።»

ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ማጭዱን በድንጋይ ሳለና ሰጠኝ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን መስመርም አሳየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳሉጎቹን ምግብ ካደረስኩ በኋላ ያንተን ድርሻ አጭዳለሁ። እማማ ውባንች አይተው «ምነው ልጄ፣ ባለ መሬት ሆነሽ?» አሉኝ። የልጅዎ ሙያ ነው፣ እየተማርኩለት ነው አልኳቸው። ወገቤ አልቋል። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ፊደሌ የተንጋደደው ለዚህ ነው። ፈረንጁ እንደገና እጅ አሳየኝ ካለህ የእኔን ላክለት፤ ከመሠረት ቁፋሮው ይሻላል።

ሽኩር ሞተሩን አሙቆ እየጠበቀኝ ስለሆነ ላብቃ። አንድ ፌስታል ሰሊጥ ልኬልሃለሁ። የራስህ ነው፤ ቆልተህ ብላው፤ ለኤጀንቱ እንዳትሰጠው። ቪዛው ከወጣ ሳትነግረኝ አትሳፈር። እኛ ዘንድ እንኳን ባል ሳሉግም ሲሄድ «በደኅና ግባ» ተብሎ ነው የሚሸኘው።

የሎሚ ውሃው መድኃኔዓለም ከፊትህ ይቅደም። የእንጆሪው እሾኽ አይውጋህ፣ የሰው አገር ብርድ አይግባብህ፣ የጀርመኑ አውቶቡስ ይለፍህ። ሰሊጥ እንደሆነ ሰው አይጠብቅም፤ ከደረሰ ይረግፋል። እኔን ግን ሰሊጥ አላደረገኝም።

ተያዥህ፣
ስርጉት